በአሮጌ የእሳት ምድጃ ጡብ ላይ ላሚኔት ማንጠፍ ይቻላል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገዛነው ቤት እ.ኤ.አ. በ1956 የተሠራ ሲሆን፣ ከሳሎኑ ምድጃ ፊት ያለው የጡብ ንጣፍ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሳሎኑ ገብቶ፣ ከእንጨቱ ወለል 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። እናቴ ሁለት ጊዜ ተደናቅፈውበታል፤ ረከቦቱም ግማሹ ጡቡ ላይ፣ ግማሹ እንጨቱ ላይ እያረፈ ስኒዎቹ ይንሸራተታሉ። እሳት አንድደንበት አናውቅም። ሳሎኑን በሙሉ ላሚኔት (እንጨት መሰል የወለል ንጣፍ) ልናነጥፍ ስለሆነ ጡቡን ሳንነካ በላዩ ማልበስ እንችላለን ወይስ መንቀል አለብን?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ቀድሞ መወሰን ያለበት ምድጃው ወደፊት እሳት ይነድበታል ወይስ አይነድበትም የሚለው ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ፣ የምድጃው አፍ ከ6 ካሬ ጫማ ካነሰ የማይቃጠለው ንጣፍ ወደ ፊት ቢያንስ 16 ኢንች፣ በግራና በቀኝ 8 ኢንች እንዲወጣ ያዛል፤ አፉ ከዚያ ከሰፋ 20 እና 12 ኢንች ይሆናል። የእርስዎ 45 ሴንቲ ሜትር ወደ 18 ኢንች ነውና ጡቡ እዚያ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። በላሚኔት ከሸፈኑት ምድጃው መደፈን አለበት፤ አለበለዚያ ነገ ቤቱን የሚገዛው ሰው ሳያውቅ ሊያነድበት ይችላል።

መልስ 2፦
እኔ ጡቡን ሳልነቅል ጠርዙን በኮምፔርሳቶ አስተካክዬ አንጥፌ ነበር፤ ሦስት ወር ሳይሞላው በእግር ሲረገጥ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር፣ ከዚያም መጋጠሚያዎቹ ተከፈቱ። ላሚኔት ሳይቸነከርና ሳይጣበቅ እርስ በርሱ ተቆላልፎ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ በ3 ሜትር ርዝመት ከ5 ሚሊ ሜትር ያህል የበለጠ ውጣ ውረድ አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ጡቡን በመሮና በመዶሻ አንሥቼ፣ ከሥሩ ያገኘሁትን ኮንክሪት ግን ሳልነካ፣ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ሞልቼ በውኃ ልክ ከእንጨቱ ጋር አስተካከልሁት። እንጨቱ በሞቃቱ ወራት እርጥበት ያብጣል፣ ኮንክሪቱ ግን ባለበት ይቆያል፤ በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ሴራሚክ ቢለጠፍ ይሰነጠቅ ነበር፣ ላሚኔቱ ግን ስለማይጣበቅ ችሎታል። ከምድጃው ግድግዳ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቼ በዞኮሎ ሸፈንሁት። አቧራውን ግን አይናቁት፤ ጭንብል ያድርጉ፣ በሮቹንም በላስቲክ ይጋርዱ።

መልስ 3፦
ለመድፈን ከወሰናችሁ የጭስ መውጫውን ከላይም ከታችም ጥርቅም አታድርጉት። ከላይ ዝናብ የሚከለክል ነገር ግን አየር የሚያስወጣ ክዳን፣ ከታች ደግሞ ትንሽ የአየር ማስገቢያ ካልተተወ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ግድግዳውን ያበላሻል። ወደ ምድጃው የገባ የጋዝ ቧንቧ ካለም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይዝጋው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ በክረምት መብራት ሲጠፋ ያስፈልገናል ብሎ መድፈኑን አልተቀበለም። የምድጃችን አፍ ሲለካ ከ6 ካሬ ጫማ በታች ሆነ፤ ስለዚህ ጡቡን አንሥተን በልኩ ስስ ድንጋይ ከወለሉ እኩል ልናስነጥፍና ላሚኔቱን ዙሪያውን ልናስቆርጥ ተስማምተናል። ረከቦቱ ግን ከአሁኑ ወደ መስኮቱ ሥር ተዛውሯል።