ልጄ 12 አመቱ ነው፣ አባቱ ከጅዳ ስማርት ስልክ ልላክለት ይላል፣ ምን ትሉኛላችሁ?

ጠያቂ፣ ደሴ
ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች፣ እስኪ ምከሩኝ። አባቱ ጅዳ ነው የሚሰራው፣ የሚመጣ ሰው ስላገኘ ለልጁ ስልክ ልላክለት እያለ ነው። እስካሁን በኢሞ የሚያወሩት በኔ ስልክ ነው፣ እኔ ደግሞ ሱቅ ስለምውል ሳይገናኙ ሳምንት ያልፋል፣ አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው። ግን የጎረቤቴ ልጅ ከተገዛለት ወዲህ ቲክቶክ ላይ እያደረ ጠዋት አይነሳም፣ እሱን ሳይ እፈራለሁ። በስንት አመቱ ልስጠው?

መምህር፣ ኮምቦልቻ
እህቴ ቲክቶክም ፌስቡክም በራሳቸው ህግ ከ13 አመት በታች አይፈቅዱም፣ ልጆቹ አመት ጨምረው ነው የሚገቡት። አውስትራሊያ እንደውም ከ2018 ታህሳስ ጀምሮ ከ16 አመት በታች ከልክላለች። ክፍል ውስጥ አንደኛ ፔሬድ ላይ የሚያንቀላፉብኝ ስልክ ይዘው የሚተኙት ናቸው። ቢቆይ ይሻላል ባይ ነኝ።

የልጆች አባት፣ ወልዲያ
በተን ስልክ ግዢለትና ገላገይ።

ጠያቂ
በበተን ኢሞ የለም ወንድሜ፣ አባቱን በአይኑ ማየት ነው የሚፈልገው።

ስልክ ጠጋኝ፣ ደሴ ፒያሳ
የምትሰጪው ከሆነ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጎግል አፕ አንቺ ስልክ ላይ ጫኚና ለልጁ የራሱን ጂሜይል ክፈቺለት። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጠቀም ትወስኛለሽ፣ ማታ ባልሽው ሰዓት ይቆለፋል፣ አንቺ ሳትፈቅጂ አፕ አያወርድም። አደራ የምልሽ፣ የትውልድ ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስገቢ! ብዙ ወላጅ በኛ 2006 ብሎ ይሞላና ጎግል ልጁን የ20 አመት ጎረምሳ ያደርገዋል፣ ከዛ ቁጥጥሩ እንደ ልጅ አይሰራም። ቴሌብር ያለበትን ሲም ደግሞ እንዳታስገቢበት።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሐይቅ
እኔ የተሳሳትኩትን ልንገርሽ የኔ እህት። ለልጄ በ11 አመቷ ለኢድ ስጦታ ብዬ ሰጠኋት፣ ከዛ ማታ አምጪ ስላት «የኔ አይደል እንዴ» ብላ ታለቅሳለች፣ እውነቷን ነው፣ የሷ ነው ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለታናሿ ግን የቤት ስልክ ነው ብዬ ጀመርኩ፣ ሳሎን ይውላል፣ ማታ እኔ ጋ ቻርጅ ላይ ያድራል፣ አንድ ቀን ተጨቃጭቀን አናውቅም። አባትየው ከመላኩ በፊት ለልጁ ራሱ ይንገረው፣ ካንቺ አፍ ከሰማው ክልከላ ይመስለዋል።

ጠያቂ
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለአባቱ አሁን ደወልኩ፣ ጁምዓ ማታ ከመግሪብ በኋላ ለልጁ ራሱ ሊነግረው ነው፣ ስልኩ የቤት ነው ብሎ። ፒያሳ ያልከው ወንድሜ፣ ስልኩ ሲደርስ ይዤው ብመጣ ታስተካክልልኛለህ?

ስልክ ጠጋኝ፣ ደሴ ፒያሳ
ነይ፣ ያንቺንም ስልክ ይዘሽ፣ ሁለቱም ያስፈልጋል።