ትራምፔቴና ቢቴ አልታረቅ አሉኝ፤ ማነው ለማን የሚቃኘው?

ሰልፈኛው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማርሽ ባንድ ትራምፔት ነፊ ነኝ። ሰሞኑን ላፕቶፕ ላይ ኤብልተን በሚባል የሙዚቃ ፕሮግራም ሙዚቃ መሥራት ጀምሬያለሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ በአንቺሆዬ ቅኝት የትራምፔትና የትሮምቦን ዜማ፣ ከሥሩ የሲንት (የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ማመንጫ) ቤዝና የኮምፒውተር ከበሮ። ለየብቻ ሲሰሙ ሁለቱም ያምራሉ። ሲደራረቡ ግን ትራምፔቴ ቤት ተሳስቶ የሰው ለቅሶ ላይ የገባ ሰው ይመስላል።

ሦስት ሌሊት ታገልኩ። መጀመሪያ ድምፅን ወደ ቅርቡ ኖታ በሚጎትተው በአውቶቲዩን ላቃናው ሞከርኩ፤ ከድምፅ ወደ ድምፅ የምንሸራተትባት ነገር ሙልጭ ብላ ጠፋች። ኳንታይዝ ሳደርገው፣ ማለትም ምቱን ኮምፒውተሩ እኩል እንዲከፋፍለው ሳደርግ፣ ደግሞ ጭራሽ ባሰ፤ ችክችካው የወታደር እርምጃ ሆኖ ቁጭ አለ። (ሰልፍ ለምዶብኝ ይሆን?)

ሌላም አለ፦ ጠዋት በብርድ የቀዳሁት ከሰዓት ከቀዳሁት ጋር አይገጥምም። መሣሪያው ያው ነው፣ ስላይዱንም (መቃኛ ተንሸራታች ቱቦውን) አልነካሁትም።

ማታ_ሚክሰር፦
የመጨረሻዋ ቀላል ናት። አየር ሲሞቅ ድምፅ ይፈጥናል፣ ትራምፔቱም ወደ ላይ ይወጣል፤ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ 3 ሴንት ገደማ። ግማሽ ቶን 100 ሴንት ስለሆነ የ10 ዲግሪ ልዩነት ወደ 30 ሴንት ይወስድሃል፤ ይህን ደግሞ ጎረቤትህም ይሰማዋል። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ነፍተህ ቱቦውን አሙቀው፣ ከዚያ ተቃኝ፣ ከዚያ ቅዳ።

አውቶቲዩኑን ተወው። አንቺሆዬን በፒያኖ ቁልፎች ልክ ከቆረጥከው የሚቀርህ አጥንቱ ነው። ሲንቱ ወደ ትራምፔቱ ይምጣ እንጂ። ኤብልተን 12 ላይ ቲዩኒንግ ሲስተም የሚባል ነገር አለ፤ የራስህን የቅኝት ፋይል ሠርተህ ብትጭንበት እያንዳንዱ ኖታ አንተ እንደነፋኸው ይወጣል፣ ይወርዳል።

የድሮ_ባንዲስት፦
ልጄ፣ ይህ ጠብ ዛሬ አልተጀመረም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1924 ራስ ተፈሪ አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ሲያስመጡ፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚያስተምራቸው የማርሽ ሙዚቃ ነበር። መሣሪያው ለማርሽ ነው የመጣው፤ የኛን ቅኝት ያስገባበት የነፊው ከንፈር ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን ከመውቀስህ በፊት ጣትህን እይ። አንደኛውንና ሦስተኛውን ቫልቭ አብረህ ስትጫን ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል። የሦስተኛውን ስላይድ በግራ እጅህ የቀለበት ጣት ገፋ ታደርገዋለህ ወይስ ዝም ብለህ ትነፋለህ?

ባለ_ከበሮዋ፦
ፕሮጀክትህ 4/4 ላይ ነው አይደል? ወደ ችክችካው ምት፣ ወደ 6/8 ቀይረው። ከዚያ ትራምፔቱን አትንካው፤ የትራምፔቱን ክሊፕ በቀኝ ተጫንና ኤክስትራክት ግሩቭ (የአመታቱን ስልት አውጣ) በለው፣ ያንን ግሩቭ ከበሮው ላይ ጫነው። በምላስህ የምትመታው ጠርቶ ከተቀዳ ፕሮግራሙ ቦታውን ያገኘዋል። ኮምፒውተሩ አንተን ይከተል።

ሰልፈኛው፦
ጋሼ፣ ተያዝኩ። የሦስተኛው ስላይድ ደርቆ ተጣብቆ ነበር፤ ሰልፍ ላይ በጩኸቱ መሃል ማን ይሰማዋል ብዬ ትቼው ኖሯል። በዘይት አላቅቄ እንደገና ቀዳሁት፣ ከችግሩ ግማሹ እዚያው አለቀ። ሲንቱ ላይ ደግሞ ሁለተኛዋን ኖታ በጆሮዬ እየሰማሁ ወደ 20 ሴንት አወረድኳት፤ ቤዙ ከትራምፔቱ ጋር መጀመሪያ አብሮ ሲያለቅስ ሳቄ መጣ።

እህቴ፣ ግሩቩም ሠርቷል፤ ከበሮው ትንሽ ዘግየት ብሎ መምታት ጀምሯል፣ እኔ ሲደክመኝ እንደማደርገው።

የቀረኝ ትሮምቦኑ ነው። ታች ሲወርድ 80 ኸርዝ አካባቢ ከሲንት ቤዙ ጋር ይጋፋል።

ማታ_ሚክሰር፦
ትሮምቦኑ ሲነፋ ቤዙን ዝም አሰኘው። እኩዋላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማመጣጠኛውን) ከመነካካትህ በፊት ማለቴ ነው።

ሰልፈኛው፦
እሺ። ነፊው ነገ ይመጣል፤ ትሮምቦኑን አሙቀህ ና ብዬዋለሁ።