ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገንዘብ ልናሰባስብ ነው፤ ከየት እንጀምር? (ጅማ)

ጠያቂ፦ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ፣ ቦሳ አዲስ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ 14 በጎ ፈቃደኞች ነን። አብዛኞቻችን የሰፈር ወጣቶች ስንሆን ሁለት መምህራንና አንድ ፋርማሲስት አብረውን አሉ። በከተማችን ላለ አንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ተስማምተናል። ያሰብነው ሁለት ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን ለይቶ የሚያወጣ በመብራት የሚሠራ ማሽን)፣ እንዲሁም ልጆቻቸው ተኝተው ለሚጠብቁ እናቶች ማረፊያ 20 ፍራሽ ከነአንሶላው ለመግዛት ነው። ግባችን 700,000 ብር ነው።

ገንዘቡ በማን ሂሳብ ይግባ? ደረሰኝስ? ቶምቦላ ይሻላል ወይስ ቤት ለቤት መዞር? ደግሞ አሜሪካ ያለ የአንዱ አባላችን ዘመድ ያገለገለ ኮንሰንትሬተር እልካለሁ ብሏል፤ እንቀበል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩን።

ነርስ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል

እግዜር ይስጥልን፣ እንኳን አሰባችሁት። ግን ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ዝርዝሩን ከክፍሉ ውሰዱ። «ምን ይጎድላችኋል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም ነገር ይጎድለናል እንላችኋለን። «ባለፉት ሦስት ወራት ምን አለቀ? የትኛው ማሽን ቆመ? ለምን ቆመ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄውን ለሦስት ሰዎች አቅርቡ፦ ለክፍሉ አስተባባሪ ነርስ፣ ለባዮሜዲካል ክፍሉ (የሕክምና መሣሪያ ለሚጠግነው) እና ለንብረት ክፍሉ። ሦስቱ የተስማሙበት ዝርዝር በሆስፒታሉ ደብዳቤ፣ በፊርማና በማኅተም ይሰጣችሁ። ያንን ደብዳቤ ሳትይዙ አንድ ብር አትቀበሉ።

አሁን ወደ ኮንሰንትሬተሩ። አንድ ጨቅላ በአፍንጫ ቱቦ የሚያስፈልገው በደቂቃ ከ0.5 እስከ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ አንድ ባለ 5 ሊትር ማሽን መከፋፈያ ከተገጠመለት ለአራት ሕፃናት በደንብ ይበቃል። መከፋፈያ ከሌለው ግን ያው ማሽን ለአንድ ልጅ ብቻ ይሠራል፣ የተረፈው አቅሙ ያለ ጥቅም ይቀራል። ሁለተኛውን ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ግዙ፦ ባለ አራት ወይም ባለ አምስት መውጫ መከፋፈያ፣ ከ0 እስከ 2 ሊትር የሚለካ ፍሰት መለኪያ ለእያንዳንዱ መውጫ (እስከ 15 ሊትር የሚለካው ለአዋቂ ነው፣ ግማሽ ሊትርን በትክክል አያሳይም)፣ የጨቅላ ልክ የሆነ የአፍንጫ ቱቦ፣ እና የጨቅላ ፕሮብ (ሕፃኑ ላይ የሚታሠረው ባለ ገመድ መለኪያ) ያለው ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ።

የመጨረሻውን አደራ አትርሱት። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ኦክስጅን ሲበዛበት ዓይኑ ይጎዳል፣ እስከ መታወር ይደርሳል። ኦክስጅን እየወሰደ ያለ ሕፃን የደሙ የኦክስጅን መጠን ከ95% በላይ እንዳይወጣ የምናየው በኦክሲሜትሩ ነው። መለኪያ የሌለው ኦክስጅን ለእኛ ግማሽ ሥራ ነው። የፕሮቡ ገመድ አንገቱ ላይ ቶሎ ስለሚቆረጥ ለአንድ መሣሪያ ሁለት መለዋወጫ ፕሮብ ጨምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። እናት ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የምታሞቅበት ወንበር ከማሽን ሁሉ ርካሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ጀርባው ወደ ኋላ የሚያጋድል፣ የእጅ መደገፊያ ያለው፣ በሚታጠብ ሌዘር የተለበጠ ይሁን። የጅማን አናጢ ማን ያህለዋል? ናሙና አሳይታችሁ እዚሁ አሠሩ።

ባዮሜዲካል ቴክኒሺያን

የእኅቴ ሐሳብ ትክክል ነው። እኔ የቴክኒኩን ልጨምር።

ከአሜሪካ የሚመጣውን በተመለከተ፦ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አስነሡና አንብቡ። 110 ወይም 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ አትቀበሉ። «ትራንስፎርመር እንገዛለን» የሚል ሰው አይጠፋም። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በ60 ኸርዝ የተሠራ ኮምፕሬሰር በእኛ መብራት ሲሠራ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይሞቃል፣ የኦክስጅኑ ንጽሕናም ይወርዳል። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ከሆነ ደግሞ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥረውን መለኪያ ቁጥር እና ምን ያህል ጊዜ ቆሞ እንደነበር ጠይቁ። በውስጡ ናይትሮጅንን የሚይዘው ዚዮላይት እርጥበት ከጠጣ ይበላሻል፤ ስለዚህ ዓመት ሙሉ መጋዘን የተቀመጠ «አዲስ» ማሽን በየቀኑ ሲሠራ ከነበረው ሊብስ ይችላል። የጅማን እርጥበት ታውቁታላችሁ፣ ክረምቱን ቆሞ አይውጣ። ዕቃው ከመጫኑ በፊት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ከመጣ ጉምሩክ ላይ ይቆማል፣ የመጋዘን ክፍያውም እናንተ ላይ ይቆጥራል። የሚቀበለው ሆስፒታሉ ስለሆነ ፈቃዱን በሆስፒታሉ ስም ጠይቁ።

አዲስ ከገዛችሁ ፕሮፎርማው (ሻጩ የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ የኦክስጅኑ ንጽሕና 93% ሲደመር ሲቀነስ 3፤ ንጽሕናው ከ82% በታች ሲወርድ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ፤ ቢያንስ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ አቅሙ የማይቀንስ (ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ በባሕር ጠለል ላይ የተፈተነ ብቻ አይበቃም)፤ የሁለት ዓመት የአየር ማጣሪያና የባክቴሪያ ማጣሪያ፤ የጥገና መመሪያው ራሱ እንጂ የተጠቃሚ ወረቀት ብቻ አይሁን።

መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቮልቴጁን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር የግድ ነው። ባለ 5 ሊትር ማሽን 350 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ሲነሣ ግን ከዚያ በላይ ይስባል። ስለዚህ አቅሙ ከ1,000 ቪኤ (ስታቢላይዘሩ ላይ የሚጻፈው የአቅም መለኪያ) ያላነሰ ለእያንዳንዱ ማሽን ለብቻው አድርጉ። መብራት ሲጠፋ ኮንሰንትሬተር ወዲያው ይቆማል፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የሚያሻግር ሲሊንደር አጠገቡ መኖር አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን አለው፤ አራት ልጆች በደቂቃ አንድ አንድ ሊትር ቢወስዱ 25 ሰዓት ይዘልቃል። የሲሊንደሩን ሬጉሌተር (ግፊቱን የሚቀንሰውን መክፈቻ) ግን መግዛት እንዳይረሳ፤ ሲሊንደር እያለ ሬጉሌተር የጠፋበት ክፍል ብዙ ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ምሕንድስና ያስተምራል። ማሽኑ ሲገባ የንጽሕና መለኪያ ይዞ የሚፈትን ሰው ከዚያ ጠይቁ። ፈትሻችሁ ከመረከባችሁ በፊት የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ።

የሂሳብ ባለሙያ፣ ሂርማታ

ገንዘቡን በተመለከተ አጥብቄ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ሰው ስም በተከፈተ ሂሳብ ወይም በአንድ ሰው ቴሌብር አትሰብስቡ። ሰውየው ቢታመን እንኳ፣ ክፉ ነገር ቢገጥመው ገንዘቡ ከውርስ ጋር ይቀላቀላል፤ ባንኩም በግል ሂሳብ ብዙ ገንዘብ ሲገባ ምንጩን ይጠይቃል።

ያልተመዘገበ ስብስብ ናችሁና በራሳችሁ ስም መዋጮ ለመጥራት አትነሡ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ጉዳይ በአዋጅ 1113/2011 የሚመራ ስለሆነ ወይ ከተመዘገበ ማኅበር ጋር ተጣምራችሁ ሥሩ፣ ወይ ሆስፒታሉ ራሱ ጠሪ ሆኖ እናንተ አስተባባሪ ሁኑ። ሁለተኛው ይቀላል። ሰው ቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሂሳብ ያስገባል፣ ሆስፒታሉ የመንግሥት የገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ እናንተ ገንዘብ አትነኩም። ደረሰኝ በራሳችሁ አታሳትሙ፤ ደረሰኝ ማሳተም የገቢዎችን ፈቃድ ይጠይቃል።

የዕድር ጸሐፊ

ከወንድሜ በአንድ ነገር እለያለሁ። ገንዘቡ በሆስፒታሉ ሂሳብ አንዴ ከገባ ግዢው በመንግሥት የግዢ ሥርዓት ነው የሚሄደው፤ ጨረታ አለ፣ ጊዜ አለ። ሰዉ ደግሞ «የሰጠሁት የት ደረሰ?» ማለቱ አይቀርም። ለፍራሹና ለወንበሩ በዓይነት መስጠት ይሻላል። ዕድሮች የራሳቸው ሂሳብ፣ ቃለ ጉባኤና ፈራሚዎች አሏቸው። አንዱ ዕድር 10 ፍራሽ፣ ሌላው አንሶላውን፣ ሌላው ወንበሮቹን ይውሰድ፤ ለአናጢውና ለሱቁ ቀጥታ ይክፈሉና ዕቃውን ያስረክቡ።

ጊዜውን ምረጡ። ጅማ ላይ ገንዘብ በሰው እጅ የሚገኘው ቡና ሲሸጥ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጠይቁ። በሐምሌ ብትጠይቁ ነጋዴውም ገበሬውም እጁ ባዶ ነው፣ ዝናቡም ሰው አያስወጣም። ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን። ዓርብ በመስጊድ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን እንዲነገርላችሁ ኮሚቴዎቹን በደብዳቤ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሰላት በኋላ በር ላይ ድንገት መቆም አይገባም።

ቤት ለቤቱን ተዉት። ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተቀበለ ይምታታል፣ በስማችሁ የሚለምን ሌላ ሰውም ይነሣል። ቶምቦላ ካሰባችሁ ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለ700,000 ብር ድካሙ አያዋጣም ባይ ነኝ። ቃል የሚገባ ሰው ስሙንና ስልኩን ብቻ ሳይሆን የሚከፍልበትን ቀን ይጻፍ፤ ቀን ያልተጻፈለት ቃል ተረስቶ ይቀራል። በሳምንቱ የምትደውሉለትም ቃል ሲገባ የተቀበለው ሰው ራሱ ይሁን።

የሂሳብ ባለሙያ፣ ሂርማታ

በዓይነት መስጠቱን እስማማለሁ፣ ለፍራሽና ለወንበር። ለማሽኑ ግን አልስማማም፤ ዋስትናው በገዢው ስም ስለሚጻፍ በዕድር ስም የተገዛ ማሽን ሲበላሽ ሻጩ ሆስፒታሉን አላውቅህም ሊለው ይችላል። ማሽኑን ሆስፒታሉ ይግዛ፣ ወይም ውሉ ላይ ተጠቃሚው ሆስፒታሉ መሆኑ ይጻፍ። ከ700,000ው ደግሞ አንድ አምስተኛውን ለማጣሪያ፣ ለፕሮብና ለቱቦ ለይታችሁ አስቀምጡ። ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን አትጨርሱ።

ጠያቂ

በጣም እናመሰግናለን፣ ዝርዝሩን ነገ ለመጠየቅ ተስማማን። ሁለተኛውን ኮንሰንትሬተር ትተን መከፋፈያና ኦክሲሜትር እናደርጋለን። የአሜሪካው ባለ 120 ቮልት ሆኖ ስለተገኘ ለላኪው በትሕትና እንነግረዋለን። የቀረን ፍራሹ ነው፤ ምን ዓይነት ይሁን? ርክክቡስ እንዴት ነው?

ነርስ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል

መጀመሪያ አልጋውን በሜትር ለኩ፤ ሁሉም አልጋ አንድ ልክ አይደለም፣ አምስት ሴንቲሜትር የተረፈ ፍራሽ ጠርዙ ታጥፎ በወር ይቀደዳል። ስፖንጁ ጠንካራ ይሁን፤ በእጃችሁ ተጭናችሁ መሬቱ ከተሰማችሁ አትግዙ። ልባሱ ውኃ የማያስገባ፣ ስፌቱ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ ያልሆነ፣ ዚፑ ክዳን ያለው ይሁን። ፍራሹን የምናጸዳው በበረኪና ነው፤ 5% የሆነውን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ስንበጠብጥ 0.5% ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት ከልባሱ ቁራጭ ወስዳችሁ በዚሁ ውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣበቀ ሌላ ፈልጉ።

አንሶላ ለአንድ አልጋ ሦስት ሦስት ነው፦ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ። ሁለት ብቻ ከሆነ በዝናብ ወቅት ሳይደርቅ ስለሚቆይ እናቲቱ በባዶ ፍራሽ ትተኛለች። የክፍሉ ስም በማይለቅ ቀለም ጠርዙ ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ከላውንደሪ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል።

የንብረት ክፍል ሠራተኛ

ዕቃውን ለክፍሉ ቀጥታ አታስረክቡ። ወደ ንብረት ክፍል ይምጣና በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፤ ከዚያ ክፍሉ ጠይቆ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ይወስዳል። ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ በመዝገብ የለም ማለት ነው፤ ቢበላሽ የጥገና በጀት አይያዝለትም፣ ቢጠፋም የሚጠየቅ የለም። እያንዳንዱ ፍራሽ በቁጥር፣ ማሽኑ በሲሪያል ቁጥሩ ይጻፍ፣ የዋስትናው ወረቀት ኮፒም አብሮ ይታሠር። የሞዴል 19ኙን ኮፒ ተቀብላችሁ ፎቶውን ለሰጪዎቹ ሁሉ ላኩላቸው። የርክክቡን ቀን ከወር መጨረሻና ከቆጠራ ሳምንት አርቁ፤ ያኔ መጋዘኑ ዝግ ነው። ዓርብ ከሰዓት ባታመጡትም ይመረጣል፤ ሳይመዘገብ ኮሪደር ላይ ያድራል።

ጠያቂ

ማክሰኞ ጠዋት እናደርገዋለን። ዝርዝሩን ስንቀበል እዚሁ እንለጥፈዋለን፤ ባዮሜዲካል ወንድማችን ፕሮፎርማዎቹን ብታይልን ደስ ይለናል።

ባዮሜዲካል ቴክኒሺያን

ለጥፉት፣ አያለሁ። ቢያንስ ከሦስት አስመጪዎች ውሰዱ፣ የስታቢላይዘሩንና የመከፋፈያውን ዋጋ ለየብቻ አስጽፉ።