ልጄን ከኮምፒውተር ሳይንስ አውጥተው ሁለት ጊዜ ኢሶል አስገቡት፤ ያለን እስከ ዓርብ ነው

የአቢ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። ልጄ ዛሬ ስኬጁሉን (የዓመቱን የትምህርት ድልድል) ይዞ መጣ። መርጦት የነበረው ኮምፒውተር ሳይንስ የለም። በሱ ፈንታ ኢሶል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው ትምህርት) ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሪሶርስ የሚባል ነገር ተደርጎበታል። መቀየር የሚቻለው እስከ ዓርብ ብቻ ነው ተብሏል። ካውንስለሯ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) ስልክ አታነሣም። ወላጅ ፈርሞ ልጁን ከኢሶል የሚያስወጣበት ቅጽ አለ ሲሉ ሰማሁ። እሱን ፈርሜ ልላክ? ከየት ይገኛል? ልጁ እኮ እንግሊዝኛ ይችላል!

ቡና ሁለተኛ፦
የትኛው ስቴት ነው? ስንተኛ ክፍል ነው? ስንት ክፍለ ጊዜ አለው በቀን? ይህን ሳትነግሪን የምንመልስልሽ ሁሉ ግምት ነው።

ዳዊት ቪኤ፦
ለካውንስለሯ ኢሜይል አድርጊላት። በዚህ ሳምንት ስልክ የሚያነሣ የለም።

ሚጥሚጣ፦
በጳጉሜ ካውንስለር መፈለግ የቀበሌ ሊቀመንበር እንደመፈለግ ነው። «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ።»

ጋሽ መምህር፦
እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ አገር ተማሪ እስከ 10ኛ ክፍል ሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት ይማራል፤ ምርጫ ቢባል 11ኛ ሲገባ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ነው። ስለዚህ ብዙ ወላጅ «ኢሌክቲቭ» (የምርጫ ትምህርት) ሲባል ትርፍ፣ ማሟያ፣ መዝናኛ ይመስለዋል። እዚህ ግን ሁሉም ነገር በክሬዲት ይቆጠራል። ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ ትምህርት 1 ክሬዲት፣ የግማሽ ዓመቱ 0.5 ነው በአብዛኛው። ሜሪላንድን ብንወስድ ስቴቱ ለመመረቅ ቢያንስ 21 ክሬዲት ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 3፣ ማኅበራዊ ጥናት 3፣ ጥበብ 1፣ ቴክኖሎጂ 1፣ ስፖርትና ጤናም አለበት፣ የቀረው በምርጫ ይሞላል። ካውንቲዎች ከዚያ በላይ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ሞንጎመሪ 22 ነው የሚለው። በዚያ ላይ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት አለ፣ ሞንጎመሪ 75 ሰዓት። ይህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያላየ ወላጅ በስኬጁል ላይ መከራከር አይችልም።

ሚጥሚጣ፦
ጋሼ፣ ዓርብ ነው ቀነ ገደቡ። እርስዎ እስኪጨርሱ ልጁ ይመረቃል 😄

የአቢ እናት፦
ይቅርታ፣ አዎ ሜሪላንድ ነን። 10ኛ ክፍል ነው። ሰባት ክፍለ ጊዜ፦ ኢሶል ሁለት፣ ሪሶርስ፣ ጂኦሜትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ታሪክ፣ ስፖርት። ቅጹን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ሰናይት፦
ቅጹን አትፈርሚ። ቢያንስ ዛሬ አትፈርሚ። ወላጅ የኢሶል አገልግሎት አልፈልግም የማለት መብት አለው፣ ሐሰት አይደለም። ዓመቱ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ የሚላከው ደብዳቤም ይህንን መብት ይጠቅሳል፣ የልጁን ደረጃም ይነግርሻል። ግን ፈርመሽ ስታስወጪው የሚቀረው አስተማሪውና እርዳታው ብቻ ነው። «የእንግሊዝኛ ተማሪ» የሚለው መለያ አይነሣም፣ ዓመታዊው ፈተናም አይቀርም። ከመለያው የሚወጣው ፈተናውን ሲያልፍ ነው። እርዳታውን ጥለሽ ፈተናውን ታቅፈሽ ትቀሪያለሽ።

ኢንጂነሩ፦
ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ ጥያቄውን ራሱ አልቀበለውም። «እንግሊዝኛ ይችላል» ማለት ምን ማለት ነው? ከጓደኞቹ ጋር ያወራል ማለት ከሆነ እሱ ሌላ ነው። ሰናይት ያለችው ዓመታዊ ፈተና፣ ዊዳ የሚባለው፣ አራት ነገር ይለካል፤ በጠቅላላ ውጤቱ ውስጥ ማንበብ 35 በመቶ፣ መጻፍ 35 በመቶ፣ መስማትና መናገር እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ናቸው። እንደ አሜሪካዊ የሚያወራ ልጅ ድርሰት መጻፍ ካቃተው ሁለትና ሦስት ዓመት እዚያው ይቀመጣል። ኢሶል ቅጣት አይደለም። ኮምፒውተር ሳይንስስ በእንግሊዝኛ አይደለም እንዴ የሚሰጠው?

የአቢ እናት፦
ቅጣት ነው አላልኩም። ልጁ ፕሮግራሚንግ ይወዳል፣ የመረጠውን ለምን ነጠቁት ነው ያልኩት።

ዳዊት ቪኤ፦
በኢሜይል ጠይቂያት። የተጻፈ ነገር መረጃ ይሆናል።

ሰናይት፦
ኢንጂነሩ ስለ ፈተናው ያለው ልክ ነው፣ ስለ ኮምፒውተሩ ግን አልስማማም። እንግሊዝኛ እየተማረ ነው ተብሎ ልጅ ከሌላው ትምህርት አይከለከልም። ከ1974ቱ የላው እና ኒኮልስ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ቋንቋ ያልቻለ ተማሪ ትምህርቱን በእኩል የሚያገኝበት መንገድ ሊመቻችለት ይገባል። አሁን ወደ ስኬጁሉ። ሦስቱን ሣጥን አንድ አድርገሽ አትዪያቸው፣ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው።

የመጀመሪያው ኢሶል የ10ኛ ክፍል እንግሊዝኛን ተክቶ የገባ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ እንግሊዝኛ እኮ ስኬጁሉ ላይ አልጠቀስሽም። እንደዚያ ከሆነ ከአራቱ የእንግሊዝኛ ክሬዲቶች አንዱ ነው፣ እሱን ብታስነሺ 12ኛ ክፍል ላይ ጉድለት ሆኖ ይመጣል። ሁለተኛው ኢሶል ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በምርጫ ክሬዲት ነው፤ የቋንቋ ደረጃውን አይተው ነው የሚሰጡት፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል ወይ ብለሽ የኢሶል አስተማሪውን ጠይቂ እንጂ ካውንስለሯን አትጠይቂ። ሦስተኛው ሪሶርስ ነው። የቤት ሥራ የሚሠራበት፣ የሚታገዝበት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ለመመረቅ የግድ የሚያስፈልግ ክሬዲት አይደለም። ልጁ የልዩ ፍላጎት እቅድ ተጽፎለት በዚያ ምክንያት የገባ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ መንካት ያለብሽ እሱን ነው።

አሁን ደግሞ ለምን እንደወጣ። አብዛኛውን ጊዜ ተንኮል የለበትም። ኮምፒውተር ሳይንስ በቀን አንድ ወይ ሁለት ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ በሱ ደረጃ ያለው ኢሶልም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከተጋጩ ሲስተሙ የግዴታውን ያስቀምጥና ምርጫውን ያወጣል፣ ባዶውን ቦታ ደግሞ ሪሶርስ ይሞላበታል። ስለዚህ «ኮምፒውተር መልሱልኝ» ብትዪ «አይገጥምም» ይሉሻል፣ ውሸታቸውንም አይደለም። ጠይቂ ግን እንዲህ ብለሽ፦ ኮምፒውተር ሳይንስ በስንተኛ ክፍለ ጊዜዎች ይሰጣል? በየትኛው ክፍለ ጊዜ ክፍት ወንበር አለ? ጂኦሜትሪውን ወይ ታሪኩን ወደ ሪሶርሱ ቦታ ብናዛውረው ይገጥማል? ጂኦሜትሪና ታሪክ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚሰጡ የሚንቀሳቀሱት እነሱ ናቸው።

ቡና ሁለተኛ፦
በሰናይት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤው ላይ «ኢሌክቲቭ» የሚለውን ቃል አትጠቀሚ። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የቴክኖሎጂ ክሬዲት ለመመረቅ ግዴታ ነው፣ የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረታዊው ኮርስም ያንን ክሬዲት ይሞላል። የተመዘገበበት ኮርስ በኮርስ ዝርዝሩ ላይ ቴክኖሎጂ ክሬዲት ይሰጣል ተብሎ ከተጻፈ፣ ጥያቄሽ የፍላጎት ሳይሆን የመመረቂያ መስፈርት ይሆናል። ልዩነቱ ከፍተኛ ነው፦ የፍላጎት ለውጥ ዓርብ ያበቃል፤ የመስፈርት ጉድለት ግን ብዙ ትምህርት ቤት ከቀነ ገደቡ በኋላም ያስተካክላል። ከዓርብ በኋላ በተራ ጥያቄ ከገባሽ ግን ልጁ ያመለጠውን ትምህርት ራሱ ማካካስ አለበት፣ የተወው ኮርስ ቀኑ እየገፋ ከሄደም ትራንስክሪፕቱ (የውጤት መዝገቡ) ላይ ምልክት ሊጥል ይችላል።

የአቢ እናት፦
ይህ ነው የፈለግሁት። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። በእንግሊዝኛ አሳምሬ መጻፍ ግን አልችልም፣ ልጁ ይጻፈው?

ሰናይት፦
ልጁ አይጻፈው፣ ስብሰባ ላይም ልጁ አያስተርጉም። የልጅ ጉዳይ ላይ ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ለእሱም ለአንቺም አይጠቅምም። ትምህርት ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ደውለሽ «አማርኛ» ብለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ መስመሩን አትዝጊ፣ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኙሻል። ኢሜይሉን አጭር አድርጊው፤ አራት መስመር ይበቃል፦ የልጁ ስም፣ ክፍሉና የተማሪ ቁጥሩ፤ የቴክኖሎጂ ክሬዲቱን ገና እንዳላገኘ፤ ሪሶርሱ ተነሥቶ ኮምፒውተር ሳይንስ እንዲገባ መጠየቅሽን፤ ዓርብ ከመድረሱ በፊት በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲደወልልሽና በየትኛው ሰዓት እንደምትገኚ። ለካውንስለሯ ብቻ አትላኪ፣ የኢሶል አስተማሪውንና የካውንስለሮቹን ኃላፊም ጨምሪበት። ርዕሱ ላይ የልጁን ክፍልና «የመመረቂያ ክሬዲት» የሚለውን አስገቢ፤ በዚህ ሳምንት እያንዳንዷ ካውንስለር ሳጥን ውስጥ «ስኬጁል ለውጥ» የሚል ኢሜይል ሞልቷል።

ዳዊት ቪኤ፦
ኢሜይል አድርጊ ያልኩት እኔ ነበርኩ መጀመሪያ።

ሚጥሚጣ፦
ዳዊት ክሬዲት ይገባሃል። 0.5 ግን ነው።

ጋሽ መምህር፦
ሌላ ያልተነሣ ጉዳይ አለ። ልጁ መቼ ነው የመጣው? ኢትዮጵያ ስንተኛ ክፍል ጨርሶ?

የአቢ እናት፦
ባለፈው ጥር ነው የመጣነው። 9ኛን አዲስ አበባ ጨርሶ ነው የመጣው፣ እዚህ ግን 9ኛ መሐል ላይ አስገቡት። ሲመዘገብ የሰጠነው የክትባት ካርዱንና የ8ኛውን ሚኒስትሪ ውጤት ነው። የ9ኛው ትራንስክሪፕት ቤት አለ መሰለኝ።

ጋሽ መምህር፦
«ቤት አለ መሰለኝ!» እህቴ፣ ዋናው ነገር እኮ ይኸው ነበር። የ9ኛ ክፍል ሙሉ ዓመት ውጤት ካልተገመገመ ልጁ ያንን ዓመት እንዳልተማረ ነው የተቆጠረው። በካውንቲው የውጭ አገር ተማሪዎች መመዝገቢያ ቢሮ በኩል እንዲገመገም ጠይቂ። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ታሪክ ክሬዲት ሊያስገኙለት ይችላሉ። ስፖርትም እዚያ ተምሯል፤ እሱ ከተቆጠረለት የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ሊለቀቅ ይችላል፣ ሪሶርሱን ሳትነኪ ማለት ነው። አማርኛውም እንደ ውጭ ቋንቋ ይቆጠር እንደሆነ ጠይቂ። ዋናውን ወረቀት ግን አትስጪያቸው፦ ዋናውን አሳዪ፣ ኮፒውን ስጪ። ማኅተሙ የማይነበብ ከሆነ ወይ የአባት ስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ያቆዩታል፤ ፓስፖርቱንም ይዘሽ ሂጂ። ግምገማው እስከ ዓርብ አያልቅም፣ ስለዚህ የሰናይትን ኢሜይል ዛሬ ላኪ፣ ይህን ደግሞ ለብቻው ጀምሪ።

ኢንጂነሩ፦
ጋሼ ልክ ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፦ ባዮሎጂው ተቆጠረለት ተብሎ አሁን ያለበትን ባዮሎጂ ወዲያው አታስነሺ። ሜሪላንድ ውስጥ ባዮሎጂ የስቴት ፈተና አለው፣ መቀመጥ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን አስቀድመሽ በጽሑፍ አረጋግጪ።

ቡና ሁለተኛ፦
ሪሶርሱን አንሡልኝ ስትዪ «እርዳታ ያስፈልገዋል» ካሉሽ፣ አቪድ የሚባል ፕሮግራም በትምህርት ቤቱ እንዳለ ጠይቂ። እሱም እንደ አንድ ኮርስ ክፍለ ጊዜ ይይዛል፣ ግን የማስታወሻ አያያዝ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በቡድን ጥናት፣ የኮሌጅ ዝግጅት አለው፤ ከሪሶርስ የሚሻለውም ትራንስክሪፕት ላይ ሲታይ ትርጉም ስላለው ነው። መሐል ላይ ላለ ተማሪ ነው የተዘጋጀው፣ በማመልከቻና በቃለ መጠይቅ ነው የሚገባው። ሞንጎመሪ ከሆናችሁ ደግሞ ኤሴስ የሚባለውን፣ ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነው፣ በዚህ ዓመት ተከታተዪው፤ 10ኛ ክፍል እያሉ ነው የሚያመለክቱት፣ የሚጀመረው 11ኛ ላይ ነው። የነፃና የቅናሽ ምሳ ማመልከቻ ቅጹንም አትርሺ፣ ልጁ የትምህርት ቤት ምሳ ባይበላም ሙዪው፤ በኋላ የኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጡ ኮርሶች) ፈተና ክፍያ የሚቀነሰውና 11ኛና 12ኛ ላይ ሁለት ነፃ ኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) የሚገኘው ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው።

የአቢ እናት፦
ኢሜይሉን ልኬያለሁ። ትራንስክሪፕቱ ሻንጣ ውስጥ ተገኘ፣ ማኅተሙ ይነበባል። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነኝ።

ሚጥሚጣ፦
በሀበሻ ሰዓት ነው በፈረንጅ? በፈረንጅ ከሆነ ሁሉም ወደ ቤት ሊሄድ ሲል ነው የምትደርሺው።

ሰናይት፦
ከመሄድሽ በፊት ማታ ፖርታሉን (የትምህርት ቤቱን የወላጅና የተማሪ ድረ ገጽ) ክፈቺ። ሪሶርሱ ስንተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ እንዳለና የየኮርሱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ። ቁጥሩን ይዘሽ ከገባሽ አምስት ደቂቃ ነው፣ ሳትይዢ ከገባሽ ቀጠሮ ይሰጡሻል።

የሦስት ልጆች አባት፦
ይቅርታ ጥያቄ ላይ ጥያቄ ሆነብኝ። የኔ ልጅ 11ኛ ናት፣ አማርኛ ትናገራለች። በአማርኛ ዲፕሎማ ላይ የሚለጠፍ ማኅተም አለ ይባላል፣ እውነት ነው? ኮርሱ ግን ትምህርት ቤቷ የለም።

ኢንጂነሩ፦
አለ፣ የሁለት ቋንቋ ማኅተም ይባላል። ካሊፎርኒያ ነው የጀመረችው፣ አሁን ሜሪላንድም ቨርጂኒያም አላቸው፤ ሜሪላንድ ላይ ካውንቲው የሚሳተፍ መሆን አለበት። ኮርስ አያስፈልግም፣ ፈተና ነው። ስታምፕ የሚባለው ፈተና አማርኛ አለው፤ የሚለካው መጻፍና መናገርን ነው። ልጆቻችን የሚወድቁት መጻፉ ላይ ነው፣ ያውም በኮምፒውተር ስለሆነ። ፊደል ታውቃለች? ብታውቅስ በኪቦርድ ግዕዝ ትጽፋለች? ከአሁኑ በቀን አንድ አንቀጽ ታስገባ፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ አስተያየትና ምክንያት የሚያስጽፍ ርዕስ ስጣት። ዝርዝር ቃል ብቻ ከጻፈች ደረጃው አይደርስም፤ «ምክንያቱም»፣ «ይሁን እንጂ» እያለች ዓረፍተ ነገር ማያያዝ አለባት። መቼ እንደሚሰጥና የመመዝገቢያው ቀን መቼ እንደሆነ ከትምህርት ቤቷ የውጭ ቋንቋ ክፍል ነው የሚገኘው።

ዳዊት ቪኤ፦
ለካውንስለሯ ኢሜይል አድርግላት።