ስለ ዑመር ሙኽታር የተሠራውን ፊልም ለደሴ ተማሪዎች ሳሳይ ምን ልበላቸው?

ከጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የሰማዕታት ቀን ከመድረሱ በፊት ለታሪክ ክበባችን ልጆች ሙስጠፋ አካድ ስለ ሊቢያዊው አርበኛ ስለ ዑመር ሙኽታር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣውን ፊልም ላሳያቸው አስቤአለሁ። በፊልሙ ውስጥ ኦሊቨር ሪድ ሆኖ የሚጫወተው ግራዚያኒ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለተጀመረው ጭፍጨፋ ተጠያቂ የሆነው ያው ግራዚያኒ በመሆኑ ለልጆቹ ሩቅ ታሪክ አይሆንባቸውም። ሆኖም ፊልሙን ደግሜ ሳየው ጥርጣሬ ገባኝ። 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሆነውን ወጪ የሸፈነው የጋዳፊ መንግሥት ነው። ታዲያ ልጆቹ የሚያዩት የአንድ ሕዝብ እሴት ነው ወይስ የአንድ መንግሥት ስብከት? ለይቼ ላስረዳቸው የምችልበትን መንገድ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ቦርከና

የተከበሩ መምህር፣ የፊልሙን ፖለቲካ ለመረዳት በጉልህ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን የደበዘዘውንም መመልከት ይበጃል። ዑመር ሙኽታር ሰኑሲያ የተባለው ጠሪቃ (የሱፊዎች ማኅበር) ሸህ ነበሩ። የጠሪቃው መሪ ኢድሪስ ኋላ የሊቢያ ንጉሥ ሆኑ፤ ጋዳፊ እ.ኤ.አ. በ1969 የገለበጠውም እኒህኑ ንጉሥ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጠሪቃው ደብዝዞ ተጋድሎው በአንድ አዛውንት ጫንቃ ላይ ብቻ የተጫነ መስሎ የሚታየው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። የማጎሪያ ሰፈሮቹ ግን የፈጠራ ሥራ አይደሉም። ከምሥራቅ ሊቢያ፣ ከቂሬናይካ፣ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተነቅሎ በሽቦ አጥር ውስጥ ታጉሯል፣ ከዚያም ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በረሃብና በበሽታ አልቀዋል፤ በግብፅ ድንበር ላይ የተዘረጋው እሾሃማ ሽቦም 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ኢጣሊያ በበኩሏ የሠራዊቷን ክብር ይነካል በማለት ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1982 ከለከለች፤ በቴሌቪዥን የታየላትም በ2009 ነው። ያሠራው መንግሥት ነው፤ የከለከለውም መንግሥት ነው። ለልጆቹ ሁለቱንም ቢነግሯቸው ፍርዱን ራሳቸው ይሰጣሉ።

የደረሳ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

እኔ ወደ ባህሉ አዘነብላለሁ። ፊልሙ ዑመር ሙኽታርን መጀመሪያ የሚያስተዋውቀን ጠመንጃ አንግበው ሳይሆን ሕፃናትን ከፊታቸው አስቀምጠው ቁርኣን ሲያስቀሩ፣ ፈጣሪ ሰማይን ከፍ አድርጎ ሚዛንን ስለማኖሩ ሲያብራሩ ነው። ወሎ ውስጥ ሸህ ዙሪያ ተኮልኩሎ ያደገ ሰው ይህን ትዕይንት ማንም ሳይተረጉምለት ይረዳዋል። (ዑመር ሙኽታርን ሆኖ የሚጫወተው አንቶኒ ኩዊን ሜክሲኮ የተወለደ ተዋናይ ነው፤ ቢሆንም መነጽሩን አውልቆ ልጆቹን ሲመለከት፣ ጋቢ ብቻ ቢያለብሱት አባቴን ነው የሚመስለኝ።) ያ ሚዛን ኋላ ጦር ሜዳ ላይ ይመጣል። የተማረከውን ወጣት መኮንን እንግደለው፣ እነርሱም የእኛን ይገድላሉ ሲሏቸው፣ እነርሱ አስተማሪዎቻችን አይደሉም ብለው ይለቁታል። ጋዳፊ ገንዘብ ከፈለም አልከፈለም ይህ ሐሳብ ከሸህ አፍ ሲወጣ ባዕድ አይሆንብኝም። ልጆቹ ከፊልሙ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ቢይዙ እመርጣለሁ።

ሸዋ በር

የደረሳ ልጅ ባነሡት እስማማለሁ፤ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ምርኮኛው ሽማግሌና ግራዚያኒ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ክፍል ግራዚያኒን ጠላቱን የሚያከብር ወታደር አስመስሎታል። የየካቲት 12 ልጆች ይህን ሲያዩ መምህሩ ፊልሙን አቁመው ሊናገሩ ይገባል። ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ስለሠራው ግፍ አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም፤ 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለተባበረ ነበር፣ እርሱንም ሳይጨርስ በወራት ውስጥ ተለቀቀ።

ፊልሙ ዋና ጉዳዩ ያላደረገው ሌላም ነገር አለ። ኢጣሊያ ሊቢያውያንን የወጋችው ኤርትራውያን አስካሪዎችንም (ከቅኝ ግዛቷ የመለመለቻቸውን ወታደሮች) አሰልፋ ነው፤ እኛን ሲወጉ ደግሞ ከግራዚያኒ ጋር ወደ ኦጋዴን ከዘመቱት መካከል ሊቢያውያን ነበሩበት። ይህ ካልተነገረ ልጆቹ ቅኝ ገዢው በነጭ ወታደር ብቻ የተዋጋ ይመስላቸዋል። ደግሞም ደሴን አይርሱ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች ከተማችንን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። የቂሬናይካን ሕዝብ ከቀዬው እንዲነቀል ያዘዘው የሊቢያ ገዢ ባዶሊዮም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሠራዊቱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ የተነሣው ከዚሁ ከደሴ ነው።

ከጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፊልሙ ወደ ሦስት ሰዓት ስለሚጠጋ በሁለት ቀን ከፍዬ አሳያለሁ፤ ሸዋ በር ያነሡት ንግግር ላይ ስንደርስም አቆመዋለሁ። የአስካሪዎቹን ጉዳይ እኔም አላሰብኩበትም ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን በካርታ ላይ አሳያቸዋለሁ። የደረሳ ልጅ፣ አባትዎ ጤናቸው ከፈቀደና ደሴ ድረስ መምጣት ካልከበዳቸው፣ ስለ ሚዛን የሚናገረውን አንቀጽ ለልጆቹ ቢያብራሩልን ታላቅ ውለታ ነው። መኪና እኔ አዘጋጃለሁ።