ኡጎ ፕራት ጥቁሩን ቀለም የት እንደሚያሳርፍ የሚያውቀው በምንድን ነው?

የደንገል ታንኳ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጎብኚዎችን የሚያመላልስ ጀልባ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቁ መናወጥ ሲጀምር፣ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት የተመለሰ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መጽሐፉን ወንበር ሥር ረስቶ ወረደ። አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሆቴል ለሆቴል እየዞረ ሰውየውን ቢያፈላልግ አጣው፤ በአራተኛው ቀን መጽሐፉን ለእኔ ሰጠኝ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ በጥቁርና በነጭ ብቻ የተሣለ ኮሚክ ነበር። አንድም ቃል ማንበብ አልቻልሁም። ነገር ግን ጆሮው ላይ ሎቲ ያንጠለጠለ፣ የመርከበኛ ቆብ ያደረገ ሰው አለ፤ ከእርሱ ጋር ደግሞ ጠጉሩን ያጎፈረ፣ ማንንም የማይፈራ የደናክል ተዋጊ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ኮሚክ ማለት ለእኔ የፈረንጅ ልጆች ታሪክ ነበር። ይህ ተዋጊ ግን ሲቆም፣ ሲቀመጥ፣ ዝም ሲል፣ ከወደብ ስወጣ መንገድ ላይ የማገኘውን ሰው ይመስል ነበር። በዚያ ሌሊት አልተኛሁም።

ስማቸውን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ነው። ሠዓሊው ጣሊያናዊው ኡጎ ፕራት፣ መርከበኛው ኮርቶ ማልቴዝ፣ ተዋጊው ኩሽ ይባላሉ። ታሪኮቹ መጀመሪያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 ነው፤ ድርጊታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ከየመን እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ይዘልቃል።

በአሥራ አራት ዓመቴ መጽሐፉን ይዤ በደንገል ታንኳ ወጣሁ። ታንኳ ከሥሩ ውኃ እንደሚያስገባ ማንም የጣና ልጅ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር፤ ነገር ግን እያነበብሁ ረሳሁት። አራት ቅጠሎች ተጣበቁ፤ ሳላቅቃቸው ተቀዳደዱ። ስምንት ገጽ ጠፋ። እነዚያን ስምንት ገጾች በቃሌ አውቃቸው ስለነበር በደብተር ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ሣልኋቸውና በቦታቸው ሰፋኋቸው። ሃያ አራት ዓመት እንደዚያው ኖሩ።

ባለፈው ወር የእኅቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ የዚያኑ መጽሐፍ አዲስ ቅጂ አመጣችልኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ የእርሱንና የእኔን ስምንት ገጾች ጎን ለጎን መዘርጋት ነበር። ሁለት ሰዎች በቀትር በረሃ ሲያቋርጡ የሚታይበት አንድ ሥዕል አለ። እኔ አሸዋውን በነጠብጣብ ሞልቼዋለሁ፤ የልብሱን እጥፋት አንድ በአንድ አስምሬያለሁ፤ ፀሐይ እንኳ ሥዬ ጨረር አውጥቼላታለሁ። ፕራት ግን አሸዋውን አልነካውም። ባዶ ወረቀት ነው። ፀሐይም የለችም። የሰዎቹ ጀርባ ጥቁር ነው፤ ከእግራቸው ሥር ሁለት አጫጭር የብሩሽ ጭረቶች አሉ፤ ሌላ ምንም የለም። ሙቀቱ ግን ያለው እርሱ ዘንድ ነው። የእኔን ሥዕል ሳየው የሚታየኝ ልፋት ነው፤ የእርሱን ሳየው ይጠማኛል።

ሥራዬ የማስታወቂያ ሰሌዳ መሣልና መጻፍ ነው። ብሩሽ ከያዝሁ ሃያ ዓመት ሆነኝ። እጄ መስመር ያውቃል። የቤልጂጉን ኤርዤን አያችሁት? እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረው ቲንቲን በአንድ ወጥ መስመር የተከበበ፣ ጥላ የሌለበት ንጹሕ ሥዕል ነው፤ እርሱን ተቀምጬ ብቀዳ ይሳካልኛል፤ እወደዋለሁም። የፕራትን ስቀዳ ግን ጥቁሩ ይጨማለቃል። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጥቁሩ የት እንደሚያርፍ፣ የቱ ቦታ ባዶ እንደሚቀር በምን ይታወቃል? ለዚህ ትምህርት የሚሆኑ ሌሎች ሠዓሊዎችስ እነማን ናቸው?


እርሳስና ላጲስ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እነዚያን በእስክሪብቶ የሣልሃቸውን ስምንት ገጾች እባክህ እንዳትጥላቸው።

ጥያቄህን ለመመለስ ከፕራት ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ መሄድ ያስፈልጋል። ፕራት ከሁሉ አብልጦ ያደነቀው ሠዓሊ አሜሪካዊው ሚልተን ካኒፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1934 የጀመረውን የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ በየቀኑ በጋዜጣ ያወጣ ነበር። ካኒፍ ደግሞ ይህን አሣሣል ያገኘው አብሮት አንድ ስቱዲዮ ከሚሠራው ከኖኤል ሲክልስ ነው። አስበው፤ በየቀኑ አንድ ሥራ ማስረከብ አለብህ፤ የጋዜጣ ወረቀት ሸካራ ነው፤ ሥዕልህ ተጨምቆ በትንሽ መጠን ይታተማል። ቀጭን መስመር እዚያ ይጠፋል ወይም ይደበዝዛል። ሲክልስ የቤቱን ግድግዳ፣ የሰውየውን ካፖርት፣ የአውሮፕላኑን ሆድ በወፍራም ብሩሽ አጥቁሮ የቀረውን ለወረቀቱ ተወለት። ሥዕሉም እንደ ፎቶግራፍ ብርሃን ያዘ።

ምሥጢሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ እነዚህ ሰዎች ዕቃውን አይሥሉም፤ ብርሃኑ ያልደረሰበትን ቦታ ይሥላሉ። አንተ አሸዋ ስትሥል «አሸዋ ምን ይመስላል?» ብለህ ነጠብጣብ አደረግህ። ፕራት የጠየቀው «በቀትር በረሃ ውስጥ ጨለማ የት አለ?» ብሎ ነው። ከሰውየው ጀርባና ከጫማው ሥር በቀር የትም የለም።

ልምምዱን ልንገርህ። ጠዋት ወይም ማታ፣ ፀሐይ በአንድ በኩል ብቻ ስትሆን፣ አንድ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጥ። ሽፋሽፍትህ እስኪገናኝ ዓይንህን አጥብብ። ዝርዝሩ ሁሉ ይጠፋና ሁለት ነገር ብቻ ይቀራል፤ ጨለማና ብርሃን። በእርሳስ ሳትነድፍ፣ ዙሪያውን በመስመር ሳትከብ፣ ጨለማውን ብቻ በብሩሽ አስቀምጥ። ወረቀቱ ከክብሪት ቀፎ አይብለጥ፤ ትልቅ ከሆነ እጅህ ወደ ለመደው መስመር ይመለሳል። ክብና ጫፉ የሾለ ብሩሽ ፈልግ፤ የሰሌዳው ጠፍጣፋ ብሩሽም ለሰፊው ጥቁር ያገለግልሃል።

ሠዓሊዎቹን በተመለከተ፣ አልቤርቶ ብሬቻን ተመልከት። በኡራጓይ ተወልዶ በአርጀንቲና የሠራ ሰው ነው፤ ፕራትም በቦነስ አይረስ ዓመታት አሳልፏል። የሁለቱም ተማሪ የነበረው ሆሴ ሙኞስ ጥቁሩን እስከ ጥግ ወስዶታል፤ የእርሱ ሰዎች ከጨለማ የተቆረጡ ይመስላሉ። ከጃፓን ጎሴኪ ኮጂማን እመክርሃለሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1976 የሣለው የሰይፈኛው አባትና የሕፃን ልጁ ታሪክ ላይ ሣሩ፣ ዝናቡ፣ የልብሱ ጫፍ አንድም ቦታ ሁለት ጊዜ የተነካ አይመስልም። የፍራንክ ሚለርን ጥቁርና ነጭ ሥራዎች ብዙ ሰው ያደንቃል፤ ለእኔ ግን የእርሱ ጥቁር ይጮኻል። የፕራት ጥቁር ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው።


ወለተ ጣና (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ፍቅርህ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አያርፍም። ይህ ሰው ኢትዮጵያን ያወቃት በምን መንገድ ነው? በልጅነቱ የመጣው እኮ ከወራሪው ጋር ነው። አባቱ የቅኝ ገዢው ሠራዊት ሰው ነበር። የእኛን ተዋጊ አሳምሮ መሣሉን ሳደንቅ፣ ያንን መልክ ያጠናው በማን ደም ላይ ቆሞ እንደሆነ መርሳት አልችልም።

ደግሞም የራሳችን ሰዎች ጀምረዋል። በስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲያወጣ፣ የወንድሜ ልጅ በቋንቋው የሚያነበው ኮሚክ በማግኘቱ አልቅሼ ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን ያለህ ሰው የእኛዎቹንም እንድታይልን እፈልጋለሁ።


የደንገል ታንኳ

እኅቴ፣ ልክ ነሽ፤ ይህን ሳላውቅ አልወደድሁትም። የእናቴ አባት አርበኛ ነበሩ። የሠዓሊውን ታሪክ ሳነብ ብዙ ቀን መጽሐፉን አልነካሁትም ነበር።

ፕራት እ.ኤ.አ. በ1937 በአሥር ዓመቱ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች አባቱን ማረኩት፤ አባቱ በተከታዩ ዓመት በምርኮ እንዳለ በበሽታ ሞተ። ልጁና እናቱ ድሬዳዋ ውስጥ በእስረኞች ሰፈር ተቀመጡ። እዚያ ታዲያ ከጠባቂዎቹ ኮሚክ ይገዛ ነበር ይባላል። እኔን እንደገና ወደ መጽሐፉ የመለሰኝ ይህ ነው። የአባቱ መንግሥት የወደቀበት፣ ከሽቦ ውስጥ ሆኖ ወረቀት የሚገዛ ልጅ ታየኝ።

ይቅር አልልም፤ ይቅርታውን የመስጠት ሥልጣን የእኔ አይደለም። የምለው ስለ ኩሽ ነው። ኩሽ የማንም አሽከር አይደለም፤ ለኮርቶ ሻንጣ አይሸከምም፤ ካላመነበት ፊት ለፊት ይቃወመዋል። ሥዕሉንም ተመልከቺ፤ ሁለቱ ሲነጋገሩ ጥቁሩ ቀለም ለሁለቱም ፊት እኩል ይደርሳቸዋል። ይህን በአሥራ አንድ ዓመቴ ቋንቋውን ሳላውቅ ተረድቼዋለሁ።

«ጀምበር»ን አግኝቻለሁ፤ ለልጄም ገዝቻለሁ። የእርሷ ጥያቄ «የባሕር ዳሩ መቼ ይወጣል?» የሚል ነው። ብሩሹን ልማር ያልሁት ለዚህም ነው።


የቁም ጸሐፊ ልጅ (ዘጌ)

ወንድሞቼና እኅቴ፣ እኔ ስለ ውጭዎቹ ሠዓሊዎች ብዙ አላውቅም። ነገር ግን ያ ፈረንጅ መጽሐፉን የረሳው ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲመለስ ነው ስትሉ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ኡራ ገብታችሁ የመቅደሱን ግድግዳ ዙሩ። የበላዔ ሰብእ ታሪክ እዚያ አለ፤ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው፣ ውኃ የለመነው ለምጻም፣ በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ፣ በመጨረሻም ሚዛኑ። እግርህ በተራመደ ቁጥር ታሪኩ ይራመዳል። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በአርባ አራት ሥዕሎች ተከፋፍሎ ሲሸጥ ያላየ ሰው አለ? ስለዚህ ኮሚክ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የእኛ ሠዓሊዎች ግን ጥላ አይሥሉም። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላል። ማን ማን እንደሆነ ዓይኑ ይነግርሃል እንጂ የብርሃኑ አቅጣጫ አይደለም። የደንገል ታንኳ ሆይ፣ እጅህ መስመር አውቆ ጥላ እምቢ ያለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ዘጌ እየተመላለሰ ያደገ ልጅ ዓይኑ የተማረው መስመር ነው። ይህን እንደ ጉድለት አትየው፤ ጥላውን ተማር፣ ዓይኑን ግን እንደ እኛ ሣል።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ የቁም ጽሕፈት ጸሐፊ ነበሩ። ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸት ነው፤ የተቆላ እህል ጨምረው ይወቅጡታል፤ ከዚያ በውኃ በጥብጠው ወራት ያስቀምጡታል። የሚጽፉበት የመቃ ብርዕ ቀለም የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ከሁለትና ከሦስት ፊደል በኋላ እንደገና ትነክራለህ። ስለዚህ ከመንከርህ በፊት የት እንደምታሳርፈው መወሰን አለብህ። ብሩሽ ልብ ይሰጥሃል፤ ብዙ ስለሚይዝ ያሳስትሃል። ለአንድ ሳምንት ብሩሹን ተወውና በመቃ ሞክር።


የደንገል ታንኳ

ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። የሁለታችሁንም ምክር አንድ ላይ ሠራሁበት።

በየማለዳው ወደ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። አሣ ይዘው የሚመለሱት ታንኳ ቀዛፊዎች ፀሐይን ከኋላ አድርገው ሲመጡ ሰውየውም ታንኳውም አንድ ጥቁር ይሆናሉ፤ ውኃው ነጭ ነው። ዓይኔን ሳጠብ መቅዘፊያው እንኳ ከክንዱ አይለይም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የደንገሉን እስር አንድ በአንድ ልሥል እየታገልሁ አበላሸሁ። በአራተኛው ቀን መቃው ደረቀብኝ፤ ቀለሙን ቤት ረስቼ ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ለአምስትና ለስድስት ንክር ብቻ የሚበቃ ነበር። ተቆጥቤ ሣልሁ። የቀዛፊው ጀርባ፣ የታንኳው ጫፍ፣ ከሥሩ አንድ አጭር ጭረት። ውኃውን አልነካሁትም።

ቤት ወስጄ ለልጄ አሳየኋት። «ውኃው ያብረቀርቃል» አለች። ውኃ እኮ አልሣልሁም።

ፊቱን ግን እንደ ኡራ አደረግሁት፤ ከጥቁሩ መካከል ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ባዶ ተውሁለት። ልክ ይሁን አይሁን ገና አልወሰንሁም፤ ሳየው ግን ከመጽሐፉ የቀዳሁት አይመስልም።

የቁም ጸሐፊ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የመቃው ጫፍ ትናንት እስከ መሐል ተሰነጠቀና ቀለሙን በአንዴ ያፈስሳል። የተሰነጠቀውን ቆርጬ ልሥራበት ወይስ አዲስ ልቅረጽ?


የቁም ጸሐፊ ልጅ

አዲስ ቅረጽ። እርጥብ መቃ ቆርጠህ ይሆናል፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ የደረቀ ሦስት ዘንግ አለኝ፤ ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር በሚሻገረው የጠዋት ጀልባ ይዤልህ እመጣለሁ። ያንን ቀዛፊም አምጣው፤ ላየው እፈልጋለሁ።