ሁለተኛውን ኦስሌተር ስሰካ የመጀመሪያው ቅኝት ለምን ይወርዳል?

ባለክራሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በርሊን ነው። ማታ ከሥራ ስገባ ፕሌትስ በተባለው ዲጂታል ኦስሌተር (ድምፅ አመንጪ መሣሪያ) እጫወታለሁ። ካሉት ብዙ የድምፅ ዓይነቶች እኔ የተመታ ክር የሚያስመስለውን ብቻ ነው የምጠቀመው። ከትዝታ ቅኝት ክራሬ ጋር ሲገጥም ደስ ይላል!

ባለፈው ሳምንት ሌላ ኦስሌተር ገዛሁና የትኛው ድምፅ እንደሚወጣ የሚነግረውን የኪቦርዴን ቮልት በትንሽ ማከፋፈያ ለሁለቱ ሰጠሁ። ታች ላይ ደህና ናቸው። ሦስት ኦክታቭ ወጣ ስል ግን ፕሌትስ በመቃኛዬ 35 ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ይወርዳል። አዲሱን ስነቅለው ይስተካከላል። ሙቀት ይሆናል ብዬ መስኮት ከፍቼ ብርድ መታኝ። ዲጂታል ሆኖ እንዴት ቅኝት ይስታል?

አሮጌው ቴክኒሻን፦
መስኮቱን ዝጋ፤ ኦስሌተርህ ጤነኛ ነው። በውስጡ ያለው ቀመር አይላላም፤ የትኛውን ድምፅ እንደሚያወጣ የሚያውቀው ግን የሚደርሰውን ቮልት ለክቶ ነው። 1 ቮልት አንድ ኦክታቭ ነው፤ ግማሽ ድምፅ 83 ሚሊቮልት ያህል። የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው፣ የኪቦርዱ መውጫ 1 ኪሎኦም፣ የእያንዳንዱ ኦስሌተር መግቢያ 100 ኪሎኦም ነው እንበል። አንዱ ብቻ ሲሰካ 3 ቮልቱ 2.97 ሆኖ ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲሰኩ 2.94። የጎደለችው 29 ሚሊቮልት ያችው 35 ሴንትህ ናት። ታች ላይ ቮልቱ ራሱ ትንሽ ስለሆነ ጉድለቱ አይሰማም። ባፈር ያለው፣ ማለትም ለእያንዳንዱ መውጫ ቮልቱን ሳያጎድል የሚያደርስ ማከፋፈያ ግዛ።

ሽቦ በሽቦ፦
ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሁለቱን እንደሰካህ የፕሌትስን የቮልት ልኬት አስተካክል። ሌሎቹን የመቆጣጠሪያ ገመዶች ንቀል፤ የፕሌትስን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫን፤ ከኪቦርዱ 1 ቮልት ላክና አንዱን ቁልፍ ንካ፤ ቀጥሎ 3 ቮልት ላክና እንደገና ንካ።

አሮጌው ቴክኒሻን፦
ያስኬዳል፤ ግን አንዱን የነቀለ ዕለት ቅኝቱ ወደ ላይ ይሸሻል። ማስታገሻ ነው።

ባለክራሩ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመልቲሜትር ለካሁት፤ መጀመሪያ 2.97፣ ሁለተኛውን ስሰካ 2.94፤ ልክ እንዳሉት። ደመወዝ እስኪገባ በማስታገሻው እቆያለሁ፤ የአዲሱ ኦስሌተር ገመድ ላይም «አትንቀል» ብዬ ወረቀት ለጥፌበታለሁ።